ዝም ብዬ ስቀመጥ ሐሳቤ ይበልጥ ይንጫጫል፤ እናንተስ?

ቀልበ_ቢስ
ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጽሑፍ አንብቤ ከመውጣት ሌላ ተሳትፌ አላውቅም፤ አሁን ግን ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ልጠይቅ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማታ አካሌ ቤት ይገባል፣ ልቤ ግን እዚያው ቢሮ ይቀራል። ሰው ያወራኛል፣ "እህ፣ እህ" እላለሁ፣ ምን እንዳለኝ ብትጠይቁኝ ግን አልነግራችሁም። ጋደም ስል ደግሞ ያልመለስኩት መልእክት፣ የነገው ስብሰባ፣ የዛሬ ስንት ዓመት አንዱ የተናገረኝ ክፉ ቃል ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። "ውስጣዊ ሰላም ለማግኘት በጸጥታ ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን ተከታተል፣ አእምሮህን ባዶ አድርግ" የሚል ምክር በየቦታው ስላነበብኩ ሞከርኩት። ጭራሽ ባሰብኝ። ዝም ባልኩ ቁጥር ጫጫታው ይጨምራል።

ለአንዳንድ ሰው አይሆንም ማለት ነው? ወይስ አደራረጌ ላይ ችግር አለ? እባካችሁ "ፈጣሪ ይርዳህ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እሱንስ ከቤተሰቤም አላጣሁም።

ነፋሻማ
ሰላም ቀልበ ቢስ። (ስምህን አንድ ቀን ትቀይረዋለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።)

"አእምሮህን ባዶ አድርግ" ያለህ ሰው ራሱ ሞክሮት የሚያውቅ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ ሠርቶ ነበር። ተሳታፊዎቹን "ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ" አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ቀጥሎ "አሁን ማሰብ ትችላላችሁ" ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያውኑ ተፈቅዶላቸው ካሰቡት ሰዎች ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አንድን ነገር አለማሰብህን ለማረጋገጥ ያንኑ ነገር ማስታወስ አለብህ። ስለዚህ ባባረርከው ቁጥር ትጠራዋለህ።

ጫጫታው ደግሞ አልጨመረም። ራዲዮውን ስታጠፋ ነው የጎረቤት ጭቅጭቅ የሚሰማህ፤ ጭቅጭቁ ግን ቀድሞም ነበረ። ቀኑን ሙሉ በሥራ፣ በስልክ፣ በወሬ ሸፍነኸው ትውላለህ፣ ስትቀመጥ ይሰማሃል።

እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው። ትንፋሽህ ላይ ትቆያለህ። ሳታውቀው ስብሰባው ውስጥ ትገኛለህ። "ኧረ ሄጃለሁ" ትላለህ። ራስህን ሳትሰድብ ትመለሳለህ። ከዚያ እንደገና ትሄዳለህ። ልምምዱ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ደረጃ የለውም። መሄድህን ያወቅክባት ቅጽበት እኮ ዋናዋ ናት፤ አንተ ግን እንደ ሽንፈት እየቆጠርካት ይመስለኛል።

ተጠራጣሪው
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውዬው ማታ ድረስ መልእክት ይላክለታል፣ እረፍት የለውም፣ እናንተ ስለ ትንፋሽ ታወሩለታላችሁ። የምሠራበት ድርጅት የአራት ሰው ሥራ ለሁለታችን ሰጥቶ ሲያበቃ "የመንፈስ እርጋታ" የሚል የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጀልን። ዓይናችንን ጨፍነን ተነፈስን፤ ስንገልጠው ሥራው እዚያው ተቆልሎ ነበር። ችግሩ ከውጭ ሆኖ ሳለ "ወደ ውስጥህ ተመልከት" ማለት ለአለቆች ነው የሚመቸው። የስልክ መተግበሪያውም፣ ኮርሱም፣ መቀመጫ ትራሱም ሳይቀር ገበያ ሆኗል።

ቀልበ_ቢስ
@ነፋሻማ አመሰግናለሁ እህቴ። መሄዴን ማወቄ ራሱ ይቆጠራል የሚለውን ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ እኮ "ይኸው ዛሬም አልቻልኩም" እያልኩ ነው የምነሣው።

@ተጠራጣሪው ስለ መልእክቱ ያልከው እውነት ነው። ግን ዕረፍት ስወጣም ያው ነኝ። መልእክት በሌለበትም ልቤ አይመለስም።

ተረኛዋ
ነርስ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ወንድሜ፣ የመቀመጡ ነገር እምቢ ካለህ ለጊዜው ተወው። እኔ ቁጭ ብዬ የምለማመድበት ሰዓትም ትዕግሥትም የለኝም። ያለኝ እጅ መታጠብ ነው። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስሄድ የግድ እጄን እታጠባለሁ፤ ያችን ጊዜ የራሴ አደረግኳት። ውሃው ሲነካኝ ውሃው ላይ ነኝ። ያለፈው ታካሚ እዚያ ቀረ፣ የሚቀጥለው ገና ነው። በፊት እጄን እየታጠብኩ የሚቀጥሉትን ሦስት ሥራዎች በጭንቅላቴ እሠራ ነበር፤ ክፍሉ ስደርስ ደግሞ ያለፈውን አስባለሁ።

ይኼ ነገር የነርስ ብቻ እንዳይመስልህ። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ካልጨረሰው ሥራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሥራ ሲሻገር ከፊሉ ትኩረቱ በፊተኛው ላይ እንደሚቀርና የኋለኛውንም በደንብ እንደማይሠራው አሳይታለች። ቢሮ የሚቀረው ልብህ ይኸው ነው። በሥራና በቤት መካከል አንዲት ድንበር ያስፈልግሃል። በር ከመክፈትህ በፊት ቆም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ልብስ መቀየር ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑና ስታደርገው እዚያው መገኘትህ ነው።

ትንፋሹንም ቢሆን በሙያዬ ልንገርህ። ወደ ውስጥ ስትስብ ልብህ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስታስወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ ማዘግየቱ በእሱ በኩል የሚመጣ ነው። ስለዚህ ስትጨናነቅ "በረጅሙ ተንፍስ" ሲሉህ ብዙ አየር መሳብ አትጀምር፤ ያ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል። ማስወጫውን አስረዝመው። እንደ ልማድህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ አስወጣ። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ለጥቂት ደቂቃ ወደ 6 አካባቢ ብታወርደው ሰውነትህ ሲለዝብ ይታወቅሃል። ሐሳቡ አይጠፋም፣ ግን ልብ እየደለቀ ከማሰብ ይሻላል።

የመንታ_እናት
"በቀን ሃያ ደቂቃ ጸጥታ" የሚሉትን ሰዎች አንድ ቀን ቤቴ ላስገባቸው እፈልጋለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በር ስዘጋ እንኳ በሩ በሁለት ወገን ይንኳኳል። 😄

እኔ ያገኘሁት ልጆቼን መስማት ነው። አንዱ ማውራት ሲጀምር፣ ታሪኩ መጨረሻ ባይኖረውም፣ እስኪጨርስ ዓይኑን እያየሁ እሰማለሁ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት። መሃል ላይ "ቶሎ በል" ለማለት ምላሴን ሲበላኝ ይታወቀኛል። አንዳንዴ አልችልም፣ "ቶሎ በል" እላለሁ፣ እሱም ያኮርፋል።

ግን አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። ሁሉንም ነገር "በማስተዋል" ማድረግ አለብን የሚሉት ይሰለቸኛል። ልብስ ሳጥፍ ሐሳቤ ወደ ፈለገበት ቢሄድ ምን አለበት? ያለኝ ሽርሽር እሱ ብቻ ነው።

ነፋሻማ
@የመንታ_እናት ስለ ሐሳብ ሽርሽር ያልሽው አስደሳች ነገር አስታወሰኝ። ኪሊንግስዎርዝና ጊልበርት የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት አለ። 2,250 አዋቂዎችን በስልክ መተግበሪያ በድንገት እየጠየቁ "አሁን ምን እያደረግክ ነው? ሐሳብህስ የት ነው? ምን ይሰማሃል?" አሏቸው። ሰዎቹ ከተጠየቁበት ጊዜ 46.9 በመቶው ላይ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሐሳባቸው ደስ ወደማይል፣ ወይም ደስም ወደማያሰኝ ወደማያስከፋም ነገር ሲሄድ ደስታቸው ያንሳል። ደስ ወደሚል ነገር ሲሄድ ግን አላነሰም፤ እጃቸው ላይ ያለውን ነገር ከሚያስቡበት ጊዜ አልበለጠም እንጂ። ስለዚህ ሽርሽርሽ አይጎዳሽም፣ ልብስሽን እያጠፍሽ ሂጂ። ቀልበ ቢስን የሚጎዳው ሳይፈልግ፣ ሳያውቀው፣ ሁልጊዜ ወደዚያው መጥፎ ሰፈር መወሰዱ ነው።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ በጥሞና አነበብኩ። ይህ ችግር የስልክና የኮምፒውተር ዘመን የወለደው የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ የቆየ ነገር ላጫውታችሁ።

በአራተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በግብፅ በረሃ ኤቫግሪዮስ የሚባል መነኩሴ ይኖር ነበር፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ399 ነው። ስልክ የለ፣ ገበያ የለ፣ ጎረቤቱም እንደሱ ዝም ያለ መነኩሴ። ከዚህ የበለጠ ጸጥታ ከየት ይመጣል? ታዲያ ይህ ሰው ስለ ሐሳብ ጫጫታ የጻፈውን ብታነቡ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው የምትሉት። ቀትር ላይ ስለሚመጣው መሰላቸት ሲጽፍ፣ መነኩሴው ፀሐይዋ አልንቀሳቀስ ትለዋለች፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ያለው ይመስለዋል፣ ደጋግሞ በመስኮት ያያል፣ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ይለካል፣ ቦታውን ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል፣ ዘመዶቹ ይናፍቁታል ይላል። እናንተ መስኮት ትከፍታላችሁ ወይስ ስልክ? ያው ነው።

ምክሩ ነው የገረመኝ። ሐሳቦቻችሁን እዩዋቸው ይላል። የትኛው በርትቶ እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚደክም፣ መቼ እንደሚነሡ፣ የትኛው የትኛውን ተከትሎ እንደሚመጣ ልብ በሉ። ሰውዬው እርግጥ ዓላማው ጸሎት ነው፤ ያንን ከእሱ ነጥለን የጤና ምክር ብቻ ብናደርገው ይቀየመን ይሆናል። ነገር ግን አንተ ልጄ ቀልበ ቢስ፣ ማታ ተሰልፈው ከሚመጡት ውስጥ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው የቱ እንደሆነ አይተህ ታውቃለህ?

ቀልበ_ቢስ
ጋሼ፣ እንደዚህ ተጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣው ያልመለስኩት መልእክት ነው። የድሮው ክፉ ቃል የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው። "ሰነፍ ነህ" ያለኝ ሰው ነበር። እሺ… ለካ ይያያዛሉ።

ነፋሻማ
ጋሼ ያሉት ከዘመኑ ጥናት ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ አንጎላቸውን በምስል ሲከታተሉ፣ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት ("ይሄ ቁጣ ነው") አሚግዳላ የሚባለው ፍርሃትን የሚያስተናግደው ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። "ፍርሃት መጣ" ማለትና በፍርሃቱ ውስጥ ሆኖ መንከባለል አንድ አይደሉም።

ድንግዝግዝ
ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣ። እኔ ከአንድ ከባድ አደጋ በኋላ "ይረዳሃል" ተብዬ ዓይን ጨፍኖ የመቀመጥ ልምምድ ጀመርኩ። ትንፋሼን ስከታተል ደረቴ ይጠብቀኝ፣ ያ አደጋ ከነድምፁ ይመጣብኝ ጀመር። "ቀጥልበት፣ እያጸዳህ ነው" አሉኝ። ቀጠልኩ። እንቅልፌ ጠፋ። በመጨረሻ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሄድኩ፤ የመጀመሪያ ምክሯ ዓይኔን ገልጬ እንድቀመጥ፣ ትንፋሼን ትቼ እግሬ መሬቱን ሲነካ የሚሰማኝን እንድከታተል ነበር። ያኔ ነው ቀስ በቀስ የቻልኩት። አሁንም መራመድ ይሻለኛል።

እባካችሁ ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት አትዘዙ።

ተረኛዋ
@ድንግዝግዝ ስለጻፍክልን እናመሰግናለን። የደረሰብህ ያንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ተመስጦ የሚለማመዱ ሰዎችን ስላጋጠሟቸው ከባድ ነገሮች ጠይቀው ሰፊ ጥናት አውጥተዋል፤ ፍርሃት፣ የድንጋጤ ስሜት፣ ያለፈ ጉዳት ተመልሶ መምጣት፣ እንቅልፍ ማጣት ሁሉም አለበት። ሲብስ "ቀጥልበት" አይባልም። ይቆማል፣ ዓይን ይገለጣል፣ ባለሙያ ይጠየቃል። መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ "አሁን ሰላም አግኝቻለሁ" ብላችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳታቋርጡ። ይኼን በሥራዬ ስለማየው ነው የምለው።

ተጠራጣሪው
እሺ፣ ጥናት ጥናት ካላችሁ በቀጥታ ልጠይቅ። ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ነፋሻማ
ይሠራል፣ ግን እንደሚሸጡልህ መጠን አይደለም።

ነገሩ በሆስፒታል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሐኪም ሁሉን ሞክሮላቸው ሕመማቸው ላልለቀቃቸው ሰዎች የተመስጦ ሥልጠና ከፈተ። ሕመሙን ማጥፋት ቃል አልተገባላቸውም፤ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩበትን መንገድ መቀየር ነበር የታሰበው። ከዚያ ወዲህ በጣም ብዙ ጥናት ተሠርቷል፤ ደካማውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014፣ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጣ። ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ አገኘ። ከአካል እንቅስቃሴ ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም።

ጠንከር ያለው ውጤት ድባቴ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቲስዴልና ባልደረቦቹ ባወጡት ሙከራ፣ ድባቴ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው ሰዎች መካከል የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 66 በመቶዎቹ በ60 ሳምንት ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ ለድባቴ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ሥልጠና ከጨመሩት ግን 37 በመቶዎቹ ናቸው ያገረሸባቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ከያዛቸው ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ለማን እንደሆነም ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ድርጅትህ ሥልጠና ግን ካንተ ጋር ነኝ። ሥራ መቀነስ ሲገባ ትንፋሽ ማስተማር ማላገጥ ነው።

ተጠራጣሪው
በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። የሚያናድደኝ "ሁሉን ተቀበል" የሚሉት ነው። ግፍንም ተቀበል?

ጡረተኛው
ልጄ፣ ቁጣህ ቦታ አለው። ኤጲክቴጦስ የሚባለው ፈላስፋ ባሪያ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ስለ ግፍ ማንም ሊነግረው አይችልም። የትምህርቱ መነሻ በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየት ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ይዞ "ተወው" ይላል። የመጀመሪያው ክፍል ግን ሥራ አለበት። አለቃ ማታ መልእክት መላኩ በዚህ ልጅ እጅ አይደለም። ማታ መልስ መስጠትና አለመስጠት፣ ለአለቃው መናገርና አለመናገር ግን በእጁ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ተረጋግቶ "ይህ አይሆንም" የሚል ሰው፣ ጮኾ ከሚል ሰው ይልቅ ሲሰማ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ባይሆንም።

ቀልበ_ቢስ
ለሁላችሁም ምላሽ ልስጥ። ለጥቂት ሳምንታት የተረኛዋን ሐሳብ ይዤ ቆየሁ። ቤት ከመግባቴ በፊት በር ላይ ቆሜ ቁልፉን እጄ ውስጥ እይዛለሁ፣ ቅዝቃዜው እስኪሰማኝ። ከዚያ እገባለሁ። አንዳንዱን ቀን እረሳዋለሁ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። ባለቤቴ ግን "ዛሬ መጥተሃል" አለችኝ አንድ ቀን፤ የነገርኳት ነገር አልነበረም።

ማታው ነው እምቢ ያለኝ። አሁን ሐሳቦቹን በስም አውቃቸዋለሁ፣ ተራቸውንም አውቃለሁ፣ ግን አሁንም ይመጣሉ። "መልእክቱ መጣ፣ ሰነፍ ነህ መጣ" እያልኩ ስቆጥር ይነጋል።

ተረኛዋ
አልጋ ላይ ሆነህ አትታገል። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልህ (ሰዓት ሳታይ) ተነሥ፣ ደብዛዛ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠህ የማያጓጓ ነገር አንብብ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለስ። አልጋው የስብሰባ አዳራሽ እንዳይሆንብህ ነው።

ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ነገ የምታደርገውን ጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኝቶ ነበር፤ የሚቀጥሉትን ቀናት ሥራ ዝርዝር የጻፉት፣ የጨረሱትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩን በደንብ የዘረዘሩት ደግሞ ይበልጥ ቶሎ። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የመንታ_እናት
ስልክ ላይ ብጽፈውስ? ወረቀት እኛ ቤት ዕድሜ የለውም፣ ወዲያው ሥዕል ይሣልበታል።

ተረኛዋ
ስልኩን ካነሣሽው መልእክቱን ታያለሽ። ሥዕል ቢሣልበትም ወረቀት ይሻላል።

ተጠራጣሪው
ቀልበ ቢስ፣ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬው ወረቀትህ ላይ አንደኛ መስመር፦ "ከሥራ ሰዓት በኋላ መልእክት እንደማልመልስ ለአለቃዬ መንገር"። መቼና ምን ብለህ እንደምትነግረው ጭምር ዘርዝረህ።

ቀልበ_ቢስ
ተጽፏል። ሰኞ ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት። የሚለኝን መጥቼ እነግራችኋለሁ።